ሁለት እጅ የሚጠይቀው ማሽን

አንድ የማገዶ ነጋዴ ነበር፤ ልሳኑ ይባላል። ከከተማው ዳር ባለው ግቢው የባሕር ዛፍ ግንድ ያስገባል፣ ያስፈልጣል፣ ለሁለት ዳቦ ቤቶች ያቀርባል። ከሦስት ፈላጮቹ ሁለቱ የሕንፃ ሥራ አግኝተው ሄዱ። የቀረው ይመር ነው። እሱም አርባ ዓመት መጥረቢያ ሲያነሣ ኖሮ፣ በዚያ ክረምት ቀኝ ትከሻው አልታዘዝ አለው። ዳቦ ቤቶቹ ደግሞ፣ «እስከ ወሩ መጨረሻ እንደ ቀድሞው ካላደረስክልን ሌላ ሰው እንፈልጋለን» ሲሉ ቁርጡን ነገሩት። ልሳኑ እንጨት የሚፈልጥ ማሽን ሊገዛ ተነሣ።

ልሳኑ መጠየቅ የሚወድ ሰው ነው። ሚስቱ፣ «አንተ እኮ ዶሮ ስትገዛ የእናቷን ስም ሳታጣራ አትመለስም» ትለዋለች። አሁንም ጥያቄዎቹን በወረቀት ጻፈ። በሰዓት ስንት ግንድ ይፈልጣል? ጉጥ ሲያጋጥመው ይቆማል ወይስ ይዘልቃል? መብራት ሲጠፋስ? ስለቱ ሲዶለዱም ማን ይሞርደዋል? እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አምስት ደረሰ። ለሙከራ የሚሆን ጉጣም ግንድም መረጠ። ይመርንም አስከትሎ ሄደ፤ ሊያማክረው አልነበረም፤ ግራ ትከሻው ገና ደህና ስለሆነ ግንዱን እንዲሸከምለት ነው።

በመጀመሪያው ሱቅ ማሽኑን የሚያሠራው ጎልማሳ ሊቀበላቸው ወጣ። ጣቶቹን ጨብጦ የእጁን አንጓ ለሰላምታ ዘረጋ። ልሳኑ፣ ዘይት ነክቶት ነው ብሎ አንጓውን ያዝ አድርጎ ሰላም አለው። እጁ የቆሸሸ ሰው ሁሉ እንዲህ አይደል ሰላም የሚለው?

ጎልማሳው ግንዱን በአንድ እጁ ደገፍ አድርጎ ፔዳሉን ረገጠ። ያ ጉጣም ግንድ አንድ፣ ሁለት ሳይባል ለሁለት ተከፈለ። ልሳኑ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«በሰዓት ስንት ይፈልጣል?»

«ቆጥረው አይዘልቁትም ጌታዬ!» አለ ከጎልማሳው አጠገብ የቆመው ሻጭ። «ደግሞ የሚፈልገው አንድ እጅ ብቻ ነው። በሌላው ስልክ ያወሩበታል።»

ይመር ግን ዓይኑ ከማሽኑ ላይ አልነበረም፤ እንደተጨበጠ የቀረውን የጎልማሳውን እጅ ነበር የሚያየው። «ወንድሜ፣» አለው ጎልማሳውን፣ «ዘይቱ አልለቅ ብሎህ ነው?»

ጎልማሳው ሻጩን አየት አደረገና እጁን ዘረጋ። ሁለት ጣት የለውም። «ግንዱ ሲንሸራተት ላስተካክለው ብዬ ነው» አለ።

«የራሱ ቸልተኝነት ነው!» አለ ሻጩ ፈጠን ብሎ።

«እውነቱን ነው። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ስጠነቀቅ ውዬ፣ ለአንዲት አፍታ ቸል አልኩ።»

ወደ ሁለተኛው ሱቅ ሄዱ። የዚህኛው ማሽን ሁለት እጀታ አለው። ሁለቱንም በሁለት እጅ ካልያዙት ስለቱ አይንቀሳቀስም፤ አንዱን ሲለቁት ባለበት ይቆማል። ከጉጣሙ ግንድ አንዱን ግማሽ ሰጡት። ማሽኑ አቃሰተ፣ ቆም አለ፣ እንደገና ገፋ፤ በመጨረሻ ፈለጠው።

«ዘገምተኛ ነው፣ አልዋሽዎትም» አለ ሻጩ አፈር ብሎ። «ግን መላ አለው። አንዱን እጀታ በገመድ ያስሩታል፤ ነፃ በሆነው እጅዎ ቀጣዩን ግንድ ያቀርባሉ። ገዢው ሁሉ የሚያደርገው ይህንን ነው። ገመዱን በነፃ እሰጥዎታለሁ።»

ልሳኑ በልቡ አሰላ። ያለ ገመዱ በዚህ ማሽን ለሁለቱም ዳቦ ቤቶች ማድረስ አይታሰብም። ወደ ይመር ዞረ። «ጋሽ ይመር፣ ምን ትላለህ?»

«እኔን ነው? ግንድ ለመሸከም የመጣሁ መስሎኝ!»

«ተው እንጂ፣ የምሬን ነው።»

«እንግዲያውስ ልንገርዎት። መጥረቢያዬን አንሥቼ እስካወርደው ድረስ ሐሳቤን ለመለወጥ ጊዜ ነበረኝ። ያኛው ማሽን ያንን ጊዜ አይሰጥም። እንጨት ይሁን ክንድ ለእሱ አንድ ነው። ይሄኛውም ቢሆን አይለይም፤ ነገር ግን ሁለቱም እጆቼ ከስለቱ ርቀው እጀታዎቹን ካልያዙለት አይነቃነቅም። እርስዎ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚሠራ ጠየቁ። እኔ ደግሞ ስሳሳት ምን እንደሚያደርገኝ ነው የምጠይቀው።»

ልሳኑ ወረቀቱን አወጣና ከላይ እስከ ታች አየው። መብራት ቢጠፋ ብሎ ተጨንቋል፤ ስለቱ ቢዶለዱም ብሎ ተጨንቋል። ሰውየው ቢደክምስ የሚል ጥያቄ ግን ከአሥራ አምስቱ መካከል አልነበረም።

ዘገምተኛውን ማሽን ገዛ። ሻጩ ገመዱን ሊጠቀልልለት ሲል፣ «እሱን እዚሁ ተወው» አለው።

ወሩ ሲያልቅ አንደኛው ዳቦ ቤት ሌላ ነጋዴ ፈለገ። ልሳኑ ከፋው፤ አልከፋኝም ብሎም አልዋሸም። ይመር ግን በማግሥቱም ሊሠራ መጣ፤ ሲደክመው እጀታዎቹን ለቀቀ፤ ማሽኑም አብሮት ዐረፈ።

አንድ ነገር ሲሠራ ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚያሳየን ሻጭ ሞልቷል። ስንደክምና ስንሳሳት ምን እንደሚያደርገን ግን የሚያውቀው ከፊቱ የሚቆመው ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ እናሸክመዋለን እንጂ አንጠይቀውም። እርስዎስ ሌላ ሰው የሚሠራበትን ነገር ሲመርጡ ያንን ሰው የሚጠይቁት መቼ ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት ወይስ ከተጎዳ በኋላ?