የኮሎኔሉ ፈቃድ

የፋብሪካው ቅርጫት ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ኮሎኔል መሸሻ ሥርዓት ወዳድ ናቸው፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ተጫዋቹ ከመወርወሩ በፊት ዞሮ ያያቸዋል፤ እሳቸውም አገጫቸውን አሻሽተው፣ አስበውበት፣ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ይወረውራል።

ዓመቱ ሲያልቅ ኳስ አቀባዩን የፋብሪካው ቦርድ ፊት አቆሙት። «የሌላው ቡድን አቀባይ አመቻችቶ ከሚሰጠው በየጨዋታው ዐሥሩ ይገባለታል። ያንተ ዓመቱን ሙሉ ሁለት ብቻ። ምክንያትህን ተናገር፤ አለዚያ ማሊያህን አስረክብ።»

ከማሊያው ሌላ እንጀራ የሌለው አቀባይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። «እኔስ አቀብላለሁ፣ ኮሎኔል። የተቀበለው ልጅ ግን ቅርጫቱን ትቶ እርስዎን ያያል። እርስዎ እስኪፈቅዱ ተጋጣሚዎቹ ኳሱን ይቀሙታል።»

«ታዲያ ሁለቱ እንዴት ገቡ?»

«ሁለቱም ጊዜ እርስዎ ስልክ ላይ ነበሩ።»