ድንኳን ያልተተከለበት ለቅሶ

አንድ የዕድር ዳኛ ነበሩ። ስማቸው አቶ ታፈረ ይባላል። በአንዲት ትልቅ ከተማ መሐል በሚገኝ ሠፈር ሠላሳ ዓመት ያህል ዕድር መርተዋል። ቀጥ ያሉ ሰው ነበሩ። ለቀብር አርፍዶ የመጣውን የገዛ ልጃቸውን ሳይቀር በአባላቱ ፊት አስቁመው ቀጥተዋል። በእሳቸው ዘመን ከዕድሩ ዕቃ ቤት አንድ ጭልፋ ጠፋ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። የሠፈሩ ሰውም «ታፈረ እያሉ አወዳደቄ አይከፋም» ብሎ ተማምኖ ይኖር ነበር።

የዕድሩን ደንብ የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ከአንቀጾቹ ሁሉ አንዲቷን አብልጠው ይወዷታል፤ የዕድሩ ገንዘብ ሰው ሲሞት እንጂ በሌላ በምንም ምክንያት ከሣጥኑ አይወጣም የምትለዋን። ቤቱ የሚያፈስበት፣ ልጁን የሚድር፣ ንግድ የከሰረበት፣ ሁሉም በየተራው መጥቶ በዚህች አንቀጽ ተመልሷል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ልጅ ሳሉ አባታቸው ሰው በማያውቃቸው አገር ሞተው፣ ቀባሪ ጠፍቶ፣ አስከሬናቸው ሁለት ቀን ሲጉላላ አይተዋል። ያንን ቀን ዕድሜ ልካቸውን አልረሱትም።

በዚያ ሠፈር መሐል አንድ ባዶ ቦታ ነበር። ድሮ ገበያ ነበር አሉ፤ ተቃጠለና ፍርስራሹ ተጠርጎ ሜዳውን ቀረ። በዙሪያው ፎቅ ሲበቅል እሱ ብቻ አፈሩን አቅፎ ቆየ። አንድ ቀን የከተማው ሹም ነዋሪውን ሰበሰቡና እንዲህ አሉ፦

«ቦታውን መናፈሻ ለማድረግ ፕላን ወጥቷል። የወጪውን ግማሽ ማዘጋጃ ቤቱ ይችላል፤ ግማሹን እናንተ ታዋጣላችሁ። መዋጮው እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልሞላ ግን ቦታው ለሕንፃ ይሰጣል። የሚጠብቅ ነጋዴ አለ።»

ነጋዴው የተደበቀ ሰው አልነበረም። ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ በትሕትና ያዳምጥ ነበር።

ፕላኑ ያምር ነበር። ፏፏቴ ነበረው፣ የብረት በር ነበረው፣ በአበባ የታጠረ መንገድም ነበረው። ሰው ሁሉ ተጋፍቶ አየው፤ አጨበጨበና ወደየቤቱ ሄደ። ለሁለተኛው ስብሰባ የመጣው ሃያ አይሞላም። በሦስተኛው አሥራ አንድ ሰው ተገኘ፤ ከእነሱም ሁለቱ ዝናብ እስኪያባራ ሊጠለሉ የገቡ ነበሩ። ይኸው ሠፈር የዕድር ጡሩንባ ሲነፋ ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነቅሎ ይወጣል። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ ልብ ያሉት አንድ ታማሚ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

እኒህ ሽማግሌ ከአቶ ታፈረ ጋር አብረው ያደጉ፣ ወንድይፍራው የሚባሉ ግንበኛ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡና ሲሚንቶ ሲያቦኩ ኖረው፣ አሁን ሳንባቸው እምቢ ብሏቸዋል። ከሦስተኛው ስብሰባ ሲወጡ የወዳጃቸውን ክንድ ያዙ።

«ታፈረ፣ ዕድሩ ገንዘብ አለው። ለመናፈሻው እንስጥ።»

«ማን ሞተና?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው አይወጣም። ደንቡን ታውቀዋለህ።»

ግንበኛው እስኪበቃቸው ሳሉ። «እሺ፣ የራሴን ድርሻ ስጠኝ። ለእኔ ለቅሶ የምታወጡትን፣ የድንኳኑን፣ የንፍሮውን፣ ሁሉንም። ያ ቦታ ላይ ዛፍ ትከሉበትና ሄጄ ከሥሩ ልቀመጥ።»

«ሳትሞት?»

«ከሞትኩማ ምን ያደርግልኛል? በዚህ ከተማ ስንት ሕንፃ እንደገነባሁ አንተ ታውቃለህ። ዛሬ ሲደክመኝ አረፍ የምልበት አጣሁ። በገዛ እጄ የሠራሁት ደረጃ ላይ ቁጭ ስል ዘበኛው ተነሥ ይለኛል።»

አቶ ታፈረ የወዳጃቸውን ክንድ ያዝ አደረጉ። የአባታቸው አስከሬን ግን በዓይናቸው መጣባቸው። «ወንድሜ» አሉ፣ «ስትሞት ምንም አይጎድልብህም፤ ይህን እምልልሃለሁ። በሕይወት እያለህ ግን ላወጣልህ አልችልም።»

«አውቃለሁ» አሉ ግንበኛው። «የሚገርመኝም እሱ ነው።»

ግንቦት ሊጋመስ ሲል ጎሕ ሲቀድ የዕድሩ ጡሩንባ ተነፋ። ግንበኛው አርፈዋል። የቤታቸው ግቢ ለድንኳን ስለማይበቃ፣ ሠፈሩ ሁልጊዜም እንደሚያደርገው ድንኳኑ ባዶው ቦታ ላይ ተተከለ። አቶ ታፈረ ካስማውን አንድ በአንድ እየነቀነቁ አረጋገጡ። ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ውኃው፣ ሁሉ ተሟላ። እንደማሉትም ለወዳጃቸው ምንም አልጎደለም።

በማግስቱ ድንኳኑ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ግድግዳ ብቻ የሚለያቸው ጎረቤታሞች ካለፈው ለቅሶ ወዲህ ገና መገናኘታቸው ነበርና ይጠያየቃሉ። ወጣቶቹ ከጥግ ካርታ ይጫወታሉ። ውጭ ፀሐዩ ያነድዳል፤ ከሸራው ሥር ግን ቀዝቀዝ ይላል። አቶ ታፈረ እየተዘዋወሩ ሲያስተናግዱ፣ ከወንበሩ ጫፍ አንዲት የማያውቋት ሴት አዩ። ዘንቢሏን አጠገቧ አድርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች።

«የሟች ዘመድ ነሽ?» አሏት።

«አይደለሁም አባቴ። አላውቃቸውም፤ ነፍሳቸውን ይማር።»

«ታዲያ ምን አመጣሽ?»

ሴትዮዋ ጫማዋን ፈለገች። «ልብስ አጣቢ ነኝ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስሄድ ሲደክመኝ፣ ድንኳን ካየሁ እገባለሁ። በዚህ ከተማ ምንም ሳይገዙ የሚቀመጡበት ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። ሰው እንዲሞት አልመኝም፤ ግን ሰው ካልሞተ አላርፍም።» የተናገረችው አሳፈራትና ልትነሣ ዘንቢሏን አነሣች።

«ተቀመጪ» አሏት አቶ ታፈረ። «ተቀመጪ ልጄ።»

ከዚያም ከድንኳኑ ጀርባ ዞረው ገመዱን ተደግፈው ቆሙ። በቀብሩ ሰዓት ሥርዓት ሲያስይዙ ያላለቀሱትን እዚያ አለቀሱ። ወዳጃቸው የለመኑት ይህንኑ ነበር፤ ጥላ ያለበት፣ ሰው ከሰው የሚገናኝበት፣ ደክሞት የመጣ ተነሥ የማይባልበት ቦታ። ዕድሩ ይህን ሁሉ አሰናድቶ ሰጣቸው፤ የሰጣቸው ግን ከሞቱ በኋላ ነው። አቶ ታፈረ በሕይወታቸው እንደዚያን ቀን ተጸጽተው አያውቁም።

በሰልስቱ፣ ወጣቶቹ ድንኳኑን ሊነቅሉ ሲነሡ አቶ ታፈረ እጃቸውን አነሡ።

«ቆዩ። አንድ ጊዜ ተቀመጡልኝ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በፊታችሁ አንዲት መስመር እንድጨምርበት ፍቀዱልኝ። የፈቀደ አባል ለራሱ ለቅሶ የሚወጣውን በሕይወቱ ሳለ ለሠፈሩ ይስጥ። መጀመሪያ የእኔን ጻፉ። ለታፈረ ለቅሶ ድንኳን አይተከልም፤ ወጪው ዛሬ ለዛፍ ይውጣ። ስሞት እዚሁ ቦታ መጥታችሁ ትቀመጣላችሁ። ዛፉ ደርሶ ከሆነ ከጥላው ሥር፣ ካልደረሰም ፀሐይ ላይ። ያልፈቀደውን ዕድሩ እንደ ቀድሞው ይቀብረዋል።»

የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ወይዘሮ አሰለፈች ተነሡ። «ጋሽ ታፈረ፣ እናቴ ታማለች። ነገ አንድ ነገር ብትሆን እንግዳዬን ፀሐይ ላይ ላስቀምጥ ነው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ለእናትሽ ድንኳኑ ይተከላል። እኔ የሰጠሁት የራሴን ነው።»

«ለእርስዎስ ቢሆን? ሠላሳ ዓመት ሁላችንን ቀብረው፣ እርስዎን ሜዳ ላይ እናልቅስዎ?»

«እንደሱ ካላደረጋችሁ ወንድይፍራው በከንቱ ሞተ» አሉና ቃሉን ከፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ በወረቀት አስጽፈው ፈረሙ።

ወይዘሮ አሰለፈች ሳይፈርሙ ተቀመጡ። ብዙዎችም እንደሳቸው አቀረቀሩ። ከዚያ የግንበኛው ሚስት ከሐዘንተኞቹ መሐል ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። መጻፍ ስለማይችሉ አውራ ጣታቸውን አስቀልመው አተሙ። «እሱ ይሄን ሲለምን ሰሚ አጣ» አሉና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከእሳቸው በኋላ አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ቀጥሎም ሥጋ ሻጩ፣ እያለ ሰልፍ ሆነ። ሁሉም አልፈረመም። ግንቦት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን የነዋሪው የመዋጮ ድርሻ ሞላ።

ሞላ ሲባልም ፕላኑ ተቆርጦ ተቀንሶ ነው። ፏፏቴው ቀረ፤ የብረት በሩም ቀረ። ለአፈሩ፣ ለውኃ መስመሩና ለችግኙ በቃ። መቀመጫውን የግንበኛው የሥራ ጓደኞች ያለ ክፍያ በድንጋይ ገነቡት።

በሐምሌ አንድ ማለዳ ጡሩንባው ተነፋ። ሠፈሩ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ግር ብሎ ወጣ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አለ ጡሩንባ ነፊው። «አቶ ታፈረ አካፋ ይዛችሁ ኑ ብለዋል።»

ሟርት ነው ብለው የተቆጡ ነበሩ። እየተቆጡም ተመልሰው አካፋቸውን አመጡ። በዚያ ቀን ጭቃ ያልነካው ጫማ በሠፈሩ አልተገኘም።

አቶ ታፈረ የሞቱት በአራተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ ነው። ዛፎቹ ገና ከሰው ትከሻ አላለፉም ነበር። ያ አርፍደሃል ተብሎ የተቀጣው ልጃቸው ሐፍረቱን መቻል አቅቶት ከገዛ ኪሱ ድንኳን ሊከራይ ተነሣ። ደጁ ላይ አንዲት ሴት አንድ ወረቀት ይዘው ጠበቁት። ወይዘሮ አሰለፈች ናቸው፤ ያኔ ያልፈረሙት።

«አባትህ ፈርመዋል» አሉት። «ቃላቸውን አታፍርስባቸው።»

ስለዚህ የሠፈሩ ትልቅ ሰው ለቅሶ ሜዳ ላይ ሆነ። ሰው በድንጋዩ መቀመጫ ላይ፣ በየችግኙ ዙሪያ ተቀመጠ። አንዳንዱ ነጠላውን በራሱ ላይ ጣለ፤ አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ቶሎ ተሰናብቶ የሄደም ነበር። ወይዘሮ አሰለፈች ዣንጥላቸውን ዘርግተው ከሟች ሚስት ራስ ላይ ይዘው ቆሙ። ክንዳቸው ሲዝል ወደ ሌላው ክንድ ያዛውሩታል።

እኩለ ቀን ላይ ዘንቢል የያዘች ሴት መጥታ ከመቀመጫው ጫፍ ዐረፍ አለች። እንደ ልማዷ እግሯን ልታሻ ጫማዋን ስታወልቅ ሕዝቡን አየችና «ማን ሞቶ ነው?» ብላ ጠየቀች። ነገሯት። ጫማዋን መልሳ አጠለቀችና ተነሥታ ቆመች።

«እኔን ተቀመጪ ያሉኝ እሳቸው ናቸው» አለች። ከዚያም ዘመድ እንደሞተበት ሰው ጮክ ብላ አለቀሰች።

ወይዘሮ አሰለፈች ሰሟት። ማታ ወረቀቱን ወደ ሣጥኑ ከመመለሳቸው በፊት ብዕር አስመጥተው ከአቶ ታፈረ ስም ሥር ፈረሙ።

ዛሬ እነዚያ ዛፎች ቅርንጫፋቸው ተገናኝቷል። ከሥራቸው የሚቀመጠው ሰው ለቅሶ ደራሽ አይደለም፤ የሚያነብ አለ፣ ልጅ የምታጠባ አለች፣ እንዲሁ ዝም ብሎ የሚያርፍም አለ። ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው ይመጣና ከእነሱው ጎን ይቀመጣል። ድንኳኑ አሁንም በዕቃ ቤቱ አለ፤ ከወጣ ግን ቆይቷል።

ይህን የሰማህ ሁሉ፣ ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። እኛ ለመቃብር ስንሰባሰብ እንደኛ ያለ የለም። ወር ጠብቀን እናዋጣለን፤ ጡሩንባ ሰምተን እንሮጣለን፤ የማናውቀውን ሟች እንሸኛለን። ይህ ትልቅ ፍቅር ነው፤ ማንም አያናንቀው። ነገር ግን ይህን ፍቅር ሰው ቆሞ ሲሄድ ነፍገነው፣ ሲጋደም የምናፈስለት ለምንድን ነው? አቶ ታፈረ መልሱን ያገኙት ወዳጃቸውን ከቀበሩ በኋላ ነበር።

አንተስ አንቺስ፣ ዛሬ ደክሞት ከአጠገባችሁ የሚያልፈውን ሰው ለማስቀመጥ፣ የማንን ሞት እየጠበቃችሁ ነው?