በነገሩ የሌለበት በር

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት የምትሉኝ ከሆነ፣ ዛሬ ላም የለኝም፤ ያለኝ የወፍጮ ቤት ነው። ባለቤቱ መንበሩ ይባላል። ወፍጮው ላይ የሚሠራው ደግሞ ጌጡ ነው። መንበሩ የጌጡን ልጅ ክርስትና አንስቷል፤ ስለዚህ አሠሪና ሠራተኛ ብቻ ሳይሆኑ አበልጆችም ናቸው። አበልጅ ደግሞ ታውቁት የለ፣ ፊት ለፊት አይወቀስም።

ጌጡ የሚፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ ቀኝ እጁ እንዲጨበጥለት። ለበዓል ገበያተኛው እህሉን ተሸክሞ ሲጋፋ፣ ወፍጮውን ከሞተሩ ጋር የሚያዞረው ቺንጋ የጌጡን ጣቶች ይዞ ጎተታቸው። ቺንጋው የብረት ሽፋን ነበረው። ሽፋኑን የፈታው መንበሩ ራሱ ነው፤ ቺንጋው በላላ ቁጥር መፍታትና መግጠም ሥራ ያጓትታል ብሎ። ጌጡ "ኧረ አበልጄ፣ ሽፋኑ ይመለስ" ሲለው "ነገ፣ ነገ" ይል ነበር።

ጤና ጣቢያ ነርሷ "ምን ሆነህ ነው?" ስትለው ጌጡ ዞር ብሎ የአበልጁን ፊት አየ። አመድ መስሏል። አሳዘነው። "የቤቴ በር እጄ ላይ ተዘግቶብኝ ነው" አለ። መንበሩም አጠገቡ ቆሞ "እግዜር ይማርህ" አለ። ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣውም። አይ መንበሩ!

ቁስሉ ዳነ፣ ጣቶቹ ግን ደርቀው ቀሩ። መንበሩን እፍረት እንቅልፍ ሲነሳው ጌጡን ይዞ ከተማ ካለው የአጥንት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ እጁን አገላብጦ አየና "አሁን ኦፕራሲዮን ከተደረገ ይጨበጣል፤ ከቆየ ግን እንደ ደረቀ ይቀራል። ወጪው ብዙ ነው፤ ኢንሹራንሱ ካልፈቀደ አልነካም" አለ። እውነትም ወጪው የመንበሩን ኪስ የሚያራቁት ነበር። እንግዲህ እጁ አልጨበጥም አለ፣ ሐኪሙ እጁን አልነካም አለ።

መንበሩ ለሠራተኞቹ ወደ ገባው ኢንሹራንስ ሄደ። ጸሐፊው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ "እኛ የምንከፍለው ሥራ ላይ ለተጎዳ ነው። ይኼ ሰው የተጎዳው በቤቱ በር ነው ተብሎ ተጽፏል። አቶ መንበሩ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የያዙት። ወይስ የሚያውቁት ነገር አለ?" አለው። መንበሩን ሳል ያዘው። ስሎ ስሎ ወጣ። ሌላ ሰው ይበለው እንጂ እኔስ አልለውም፣ አለ በልቡ። እንግዲህ እጁ አልጨበጥም አለ፣ ሐኪሙ እጁን አልነካም አለ፣ ኢንሹራንሱ ለሐኪሙ አልፈቅድም አለ።

ወደ ነርሷ ሮጠ። "እህቴ፣ በሩን ሰርዢና ወፍጮ በዪው" አላት። "አባቴ፣ እኔ የጻፍኩት በሽተኛው ያለኝን ነው። እርስዎም አጠገቡ ቆመው ሰምተዋል። የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ይመስክርና ልጻፍ" አለችው። አጠገቡ ቆመው ስትል ጆሮው ጋለ። እንግዲህ እጁ አልጨበጥም አለ፣ ሐኪሙ እጁን አልነካም አለ፣ ኢንሹራንሱ ለሐኪሙ አልፈቅድም አለ፣ ነርሷ ለኢንሹራንሱ አልጽፍም አለች።

ወደ ተቆጣጣሪው ሄደ። ተቆጣጣሪው "ያላየሁትን እንዴት ልመስክር? ያየ ሰው አምጣ። አንተስ የት ነበርክ?" አለው። ያ ሳል ተመልሶ መጣ! እንግዲህ እጁ አልጨበጥም አለ፣ ሐኪሙ እጁን አልነካም አለ፣ ኢንሹራንሱ ለሐኪሙ አልፈቅድም አለ፣ ነርሷ ለኢንሹራንሱ አልጽፍም አለች፣ ተቆጣጣሪው ለነርሷ አልመሰክርም አለ።

ያየችው ብርቄ ናት፤ ወፍጮ ቤቱን የምትጠርገው። የዚያን ቀን ሮጣ ሞተሩን ያጠፋችው እሷ ነበረች። "ብርቄ፣ ያየሽውን ሄደሽ ተናገሪ" አላት። መጥረጊያዋን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ እንጀራዎትን እየበላሁ እርስዎ ዝም ያሉትን እኔ ላውራ? ነገ ማን ያስጠጋኛል? እርስዎ አፍዎን ይክፈቱ፣ እኔ እከተላለሁ።" መንበሩ ጫማውን ጫማውን አየ። አፉን ከፈት አደረገና መልሶ ገጠመው። እንግዲህ እጁ አልጨበጥም አለ፣ ሐኪሙ እጁን አልነካም አለ፣ ኢንሹራንሱ ለሐኪሙ አልፈቅድም አለ፣ ነርሷ ለኢንሹራንሱ አልጽፍም አለች፣ ተቆጣጣሪው ለነርሷ አልመሰክርም አለ፣ ብርቄ ለተቆጣጣሪው አልናገርም አለች፣ የመንበሩ አፍ ለብርቄ አልከፈትም አለ።

እንዲህ እያለ ሳለ የጌጡ ሚስት የሺእመቤት ወፍጮ ቤት መጣች። ባሏ እውነቱን ለእሷም አልነገራትም። ወፍጮው እየጮኸ ስለነበር ወደ መንበሩ ጆሮ ተጠግታ "አበልጄ፣ በእኛ ቤት በር የተነሳ ሲንከራተቱ አፈርኩ! ይቅር ይበሉን" አለች።

"ኧረ ምን በወጣሽ!"

"ያንን እርጉም በርማ ነቅዬ ጣልኩት። መጋረጃ ሰቅለናል።"

"በሩን? በዚህ ብርድ?"

"የባሌን እጅ የበላ በር ምን ያደርግልኛል?"

መንበሩ አላስቻለውም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ወፍጮውን ለማሸነፍ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ፤ "በሩ ምን አደረገ! ቺንጋው ነው! ሽፋኑን የፈታሁት እኔ ነኝ!" ይኼኔ መብራት ጠፋ። ወፍጮው ጭጭ አለ፤ እሱ ግን አላቆመም ነበር። "የባልሽን እጅ የበላሁት እኔ ነኝ!" የሚለውን ተሰልፎ እህሉን የሚጠብቀው ሁሉ ሰማው። አንድም ሰው አልሳቀም። የሺእመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቀረች። መንበሩም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያን ትልቅ ሰውነቱን ይዞ አለቀሰ።

የመንበሩ አፍ ተከፈተ። አፉ ሲከፈት ብርቄ ለተቆጣጣሪው ተናገረች። ብርቄ ስትናገር ተቆጣጣሪው ለነርሷ መሰከረ፤ ሽፋኑ እስኪገጠም ወፍጮውንም አሸገ። ተቆጣጣሪው ሲመሰክር ነርሷ ለኢንሹራንሱ ጻፈች። ነርሷ ስትጽፍ ኢንሹራንሱ ለሐኪሙ ፈቀደ። ኢንሹራንሱ ሲፈቅድ ሐኪሙ እጁን ነካ። ሐኪሙ ሲነካ፣ ቀስ እያለ፣ እያመመው፣ የጌጡ እጅ ተጨበጠ።

መንበሩ ጌጡን ሊጠይቅ ቤቱ ገባ፤ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። "አበልጄ፣ ያን ቀን ለእኔ ብለህ ዋሸህልኝ" አለ።

ጌጡም "በሩ ነው ያልኩትኮ፣ እርስዎ ወዲያው 'አይደለም' ይላሉ ብዬ ነው" አለ። "እንግዳ 'በቃኝ' ሲል 'በሞቴ' ይባላል እንጂ፣ መሶቡ ይነሳል እንዴ?"

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዳቦ አትዝጉብኝ።