የበረንዳው ሹክሹክታ

በአንድ ወቅት፣ ያውም እምብዛም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ አዳማ ውስጥ አራት ጓደኛሞች እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ቤቱ ከአራቱ የአንዱ፣ የመክብብ፣ አጎት የሥራ ቦታ ነው። እሑድ ሥራ ስለሌለ መቁረጫው ጠረጴዛ ለእነሱ ይለቀቃል፤ እነሱም በልብስ ሰፊ ጠመኔ ዋሻና ወንዝ ይስሉበታል።

ጨዋታውን ለማታውቁት ላስረዳ፤ ቀላል ነው። አንድ ሰው ይመራል። ታሪኩን የሚተርከው፣ ዝናቡንም ጭራቁንም የሚያመጣው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ዳይስ፣ ያ የሚጣለው ባለ ነጥብ ጠጠር፣ ይፈርዳል። ገጸ ባሕርይህ ከሞተ ሞተ ነው፤ አይመለስም።

መሪው መክብብ ነበር። ሚናዎቹን ሲያከፋፍል አንዱ በሌላው ላይ እንዳይገንን ተጨንቆበታል። ለኬነሳ ጋሻ ሰጠው፤ ጉልበት አለው፣ ጨለማ ውስጥ ግን አያይም። ለሰሚራ መድኃኒት ሰጣት፤ የወደቀ ታነሣለች፣ መዋጋት ግን አትችልም። ዮናታንን ቃኚ አደረገው፤ ቀድሞ ሄዶ ሁሉን ያያል፣ አንድ ምት ግን ይገድለዋል። እንደ ጉልቻ ማለት ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከተነሣ ድስቱ ይደፋል።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ችግሩ የመጣው ከበረንዳው ነው። ቃኚው ያየውን ሌሎቹ መስማት ስለሌለባቸው፣ መክብብ ዮናታንን በረንዳ አውጥቶ በጆሮው ይነግረዋል። ዮናታን ተመልሶ የሚያወራው የፈለገውን ያህል ነው። ኬነሳና ሰሚራ በመስኮቱ ሁለት ራሶች ሲጠጋጉ ያያሉ እንጂ ድምፅ አይደርሳቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ወንድምን ከወንድም ያጠራጥራል።

አንድ ቀን መክብብ ጋምቤላ ሥራ አገኘ። «ቆርቆሮውን ለአንዳችሁ ትቼ እሄዳለሁ» አላቸው። ቆርቆሮው ዳይሱና ካርታዎቹ የሚቀመጡበት የብስኩት ቆርቆሮ ነው። የተረከበው ሰው ከዚያ በኋላ መሪ ይሆናል፤ ዓመታት ያሳደጓቸው ገጸ ባሕርያት ሕይወትም በእሱ እጅ ይወድቃል።

«ለማን?» አለ ኬነሳ።

«ዛሬ ቡድኑን ምንጩ ጋ ላደረሰው።»

ሦስቱም ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ።

የጨዋታው አገር ውኃ ደርቆበታል፤ ምንጩ ያለው ከዋሻው ወዲያ ነው። ገና ወንዙን ሲሻገሩ የቃኚው እግር ተጎዳ። የሰሚራ መድኃኒት የሚቆጠረው በቀይ አደንጓሬ ነው፤ አንድ ፍሬ አንድ ሰው ያድናል። ዮናታን እጁን ዘረጋ።

«ጨርሻለሁ» አለች ሰሚራ። አንድ ፍሬ ግን ስልኳ ሥር ነበረች። እግሩ ከዳነ ጥሎን ወደ ምንጩ ይሮጣል ብላ ፈርታ ነው።

ዋሻው አፍ ላይ ሲደርሱ መክብብና ዮናታን በረንዳ ወጡ። ዮናታን ሲመለስ «ባዶ ነው፣ ግቡ» አለ።

ኬነሳ ዓይን ዓይኑን አየው። «ባዶ ለማለት ነው ይሄን ሁሉ የቆያችሁት?»

«ስልክ ተደውሎለት ነው ባክህ።»

«እሺ። ጋሻዬን አንሥቼ ነው የምገባው።»

«ባዶ ዋሻ ውስጥ?»

«አዎ፣ ባዶ ዋሻ ውስጥ።»

መሐል ሲደርሱ መክብብ ዳይሱን በመዳፉ ከልሎ ጣለ፤ ለብቻው አየው። «እዚህ የተኛ ዘንዶ ነቃ» አለ።

ዘንዶው ዮናታን ላይ ተወረወረ። የኬነሳ ጋሻ አስቀድሞ ተነሥቶ ስለነበር ምቱን ተቀበለው፤ ኬነሳ ግን ወደቀ። ያኔ ሰሚራ ስልኳን አንሥታ አደንጓሬዋን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠች። ኬነሳ ተነሣ፣ ዘንዶውን ወደ ኋላ መለሰው፣ ዮናታን በጨለማው መንገድ እየመራ አወጣቸው። ሦስቱም ምንጩ ጋ ደረሱ። ጠቡም እዚያው ጀመረ።

«ቆርቆሮው የእኔ ነው» አለ ዮናታን። «ዘንዶው ተኝቶ ነበር። ሕጉን ታውቁታላችሁ፤ መኖሩን የሰማ ሰው የፍርሃት ዳይስ ይጥላል፤ ካልቀናው ይጮኻል። ብነግራችሁ ኖሮ አንዳችሁ ጮኻችሁ ትቀሰቅሱት ነበር። የዋሸሁት ለእናንተ ብዬ ነው። ያነቃው የኬነሳ ጋሻ ነው፤ ከድንጋዩ ጋር ሲፋተግ።»

«ጋሻው ባይነሣ አሁን አፈር ነበርክ» አለ ኬነሳ። «ያነቃውስ ያንተ እግር ቢሆን? እያነከስክ ነበር። ደግሞ ለእኛ ብለህ መዋሸትህን በምን እናውቃለን? እኛን እስኪውጥ አንተ ምንጩ ጋ ብቻህን ልትደርስ አስበህስ ቢሆን?»

«ሁለታችሁም አደንጓሬዬን አመስግኑ» አለች ሰሚራ።

«ጨርሻለሁ ብለሽ አልነበር?» አለ ዮናታን።

«መድኃኒተኛዋ ናት የዋሸችው። እኔን ምን አገባኝ።»

«እግሬን ብታክሚኝ እኮ አላነክስም ነበር።»

«ላንተ ሰጥቼህ ቢሆን ኬነሳን በምን አነሣው ነበር? በጸሎት?»

ከዚያ ሦስቱም ወደ መክብብ ዞሩ። «በረንዳው ላይ ምን ነበር የነገርከው?» አለ ኬነሳ።

«የበረንዳ ነገር በረንዳ ይቀራል።»

«ዳይሱንስ የጣልከው ለምኑ ነው? ለጋሻው ወይስ ለእግሩ?»

መክብብ ዳይሱን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተ፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠው። «እናንተው ተነጋገሩ» ብሎ በረንዳ ወጣ። በዚህ ጊዜ ብቻውን ነበር።

እንግዲህ አስቡት። መሪ ሁሉን እያወቀ ግማሹን የሚናገር ሰው ነው፤ ዮናታን ይህንን ችሎበታል። መሪ ሌላው እንዳይሞት ፊት የሚቆም ሰው ነው ካላችሁ፣ የቆመው ኬነሳ ነው፣ ያውም ለጠረጠረው ሰው። የመጨረሻዋን ፍሬ ለጭንቅ ሰዓት ያቆየችው ደግሞ ሰሚራ ናት። መክብብ ሚናዎቹን ያመዛዘነው እንዲተማመኑ ነበር፤ እነሱ ግን ተጠራጥረው ደረሱ።

ቆርቆሮው ለማን ይገባል? መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ግን የራሳችሁን ገጸ ባሕርይ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አቁሙት። ሕይወቱን ከሦስቱ ለማን ታስረክባላችሁ?