ስንሻውን እንቅልፍ የነሳው አረቄ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ የዛሬው የትከሻ ነው። ቀለም ቀቢው ስንሻው ዕድሜውን ጣሪያ ሲቀባ ኖሮ የትከሻው ጅማት ተበጠሰና ኦፕራሲዮን ተደረገ። አሁን ክንዱን ታስሮ ቤቱ ተጋድሟል። የሚፈልገው አንዲት ሸለብታ ብቻ ነው።

«እንቅልፍ፣ ና እባክህ» አለ። እንቅልፍም «ትከሻህ እየጮኸ እንዴት ልምጣ?» አለው።

ትከሻውን ለመነ። ትከሻም «ክኒኑ ካላስታገሰኝ ዝም አልልም» አለ። ትከሻ ዝም አይል፣ እንቅልፍ አይመጣ።

ክኒኑን ለመነ። ክኒኑም «መጀመሪያ ጉበትህን አስፈቅድ» አለው። ክኒን አያስታግስ፣ ትከሻ ዝም አይል፣ እንቅልፍ አይመጣ።

ጉበቱ ደግሞ የዱሮ ሕመምተኛ ነው። ሐኪሙ ሲሸኘው «ክኒኑን ባዘዝኩልህ ልክ ብቻ ዋጥ፤ መጠጥ ጠብታ እንዳትቀምስ። ያ ጉበት ሁለቱን አይችልም» ብሎታል። ስለዚህ ጉበት «ያ አረቄ ከራስጌህ ካልተነሳ ክኒን አልቀበልም» አለ። ጉበት አይቀበል፣ ክኒን አያስታግስ፣ ትከሻ ዝም አይል፣ እንቅልፍ አይመጣ።

አረቄውን ታላቅ እህቱ እትዬ ማንጠግቦሽ በእጇ አውጥታ፣ ነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፋበት፣ ለጥየቃ ያመጣችው ነው። አጠገቡ ተቀምጣ «ጠጣ ወንድሜ፣ ሕመሙን ይቆርጥልሃል» ትላለች። አረቄም «ያመጣችኝ ካልወሰደችኝ የት እሄዳለሁ?» አለ። እትዬ አትወስድ፣ አረቄ አይነሳ፣ ጉበት አይቀበል፣ ክኒን አያስታግስ፣ ትከሻ ዝም አይል፣ እንቅልፍ አይመጣ።

እትዬን እንዳይነግራት ይሉኝታ አፉን ያዘው። «የታላቅ እጅ ይመለሳል እንዴ?» አለው። ይሉኝታ አፍ አይለቅ፣ እትዬ አትወስድ፣ አረቄ አይነሳ፣ ጉበት አይቀበል፣ ክኒን አያስታግስ፣ ትከሻ ዝም አይል፣ እንቅልፍ አይመጣ።

ስንሻው ደከመው። ከቁስሉ ይልቅ ይሉኝታው አደከመው፤ እንባው መጣ።

«እትዬ፣ አልጠጣም» አለ። «ጉበቴን ይጨርሰዋል ብሎኛል ሐኪሙ። ክኒኔንም ያልዋጥኩት አረቄውን ታጠጪኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነው።»

እትዬ መለኪያውን አስቀምጣ አየችው።

«እና ከጠዋት ጀምሮ ዝም ብለህ ስትሰቃይ የዋልከው ለዚህ ነው? እኔ የመጣሁት ላንተ ነው ለአረቄው?»

ጠርሙሱን አንስታ በምትኩ ውሃ አመጣችለት። ይሉኝታ አፍ ለቀቀ፣ እትዬ ወሰደች፣ አረቄ ተነሳ፣ ጉበት ተቀበለ፣ ክኒን አስታገሰ፣ ትከሻ ዝም አለ።

«አሁንስ ቀለል አለህ?» አለችው። ስንሻው ያንኮራፋል። እንቅልፍ መጥቷል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በአረቄ አታብሱ።