የሁለት ሰው አቤት

«አንድ ገበሬ ነበረ። ሚስት ነበረችው። ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። በአጥር የሚዋሰናቸው አንድ ሀብታም ሰው ነበረ። ከወንዙ ማዶ ደግሞ የመንደሩ ሰው ሁሉ የኔታ እያለ የሚጠራቸው አንድ የፊደል መምህር ነበሩ። ታሪኩ የእነዚህ የአምስት ሰዎች ነው።»

እንዲህ ብለው የጀመሩት የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ርእሰ መምህርት ወይዘሮ እታፈራሁ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ሕንፃ ለእድሳት በመዘጋቱ ትምህርቱ ለጊዜው በስልክ ሊሰጥ ታስቦ ወላጆች ለምዝገባ ተሰብስበዋል። ወይዘሮ ብርቅነሽ የተባለች እናት ተነሥታ፣ «ልጄ ስልክ ፊት ስለተቀመጠች ትምህርት ቤት ተገኘች ይባላል ወይ? ላስመዝግባት ወይስ ይቅርባት?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቷ አቶ ሞላልኝ ግን መልሱን አልጠበቀም። «ካርቱን ታይበታለች እንጂ ምን ትማርበታለች!» ብሎ አዳራሹን አሳቀው። ልጃቸው ሐመልማል በመካከላቸው ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ወይዘሮ እታፈራሁ ታሪኩን የጀመሩት ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ነው፤ እንዲህም ቀጠሉ።

ገበሬው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚቆጨው አንድ ነገር ነበረ። ለፊደል በደረሰበት ዓመት ወንዙ ሞላና አባቱ «ሲጎድል ትሄዳለህ» አሉት። ወንዙ ሲጎድል አጨዳ ደረሰ፤ አጨዳው ሲያልቅ ውቂያ መጣ፤ እንዲህ እንዲህ ሲል ጢም አወጣ። ስለዚህ ልጁ በተወለደች ጊዜ ለሚስቱ፣ «ይህችንስ ወንዝ አያስቀራትም» ብሏት ነበር።

ልጅቷ ለፊደል በደረሰችበት ክረምት ወንዙ የእንጨቱን ድልድይ ይዞት ሄደ። የኔታ ማዶ ቀሩ። የኔታ ደግሞ የማይለውጡት ደንብ አላቸው፤ መስከረም ጠብቶ ድልድዩ ሲሠራ ፊደል የለየውን ልጅ ወደ ንባብ ያሳልፋሉ፣ ያልለየው ዓመት ይጠብቃል። ገደሉ ጥልቅ ነው እንጂ ሰፊ አልነበረም። አንድ ማለዳ የኔታ ከማዶው አፋፍ ቆመው ተጣሩ። «ልጆቹን ከዋርካው ሥር አስቀምጡልኝ! የፊደል ገበታውን ድልድዩ ሳይሄድ አድያቸዋለሁ፤ ድምፄም ይደርሳቸዋል!»

መንደሩ ለሁለት ተከፈለ። ሀብታሙ ጎረቤት፣ «በጩኸት የሚነዳ ከብት ነው። የእኔ ልጅ መምህሩን ዐይን ለዐይን እያየ ካልሆነ ይቅርበት» አለ።

የገበሬው ሚስት፣ «ከሚቀርባት ይሞከር» አለች። «ግን እኔና አንተ በተራ አብረናት እንቀመጥ።»

«ምን ልናደርግ? ፊደል የማናውቅ ሰዎች ዋርካ ሥር ተደርድረን መሳቂያ ልንሆን?» አለ ገበሬው።

ገበሬው የሚስቱን ሐሳብ ግማሹን ተቀበለ። ከአፋፉ ቆሞ፣ «የልጄን ስም ይያዙልኝ!» ብሎ አስመዘገበ። አብሮ መቀመጡን ግን ተወው፤ እርሻው ይጠብቀዋል፤ ሚስቱንም የጓዳው ሥራ ያዛት።

ትምህርቱ ተጀመረ። የኔታ ስም ይጠራሉ፤ ልጁ «አቤት!» ይላል፤ አቤት ያለ ተገኝቷል ማለት ነው። ከዚያ የፊደሉ ዜማ ይቀጥላል። የገበሬው ልጅ ድምፅ ከሁሉም ጎልቶ እስከ እርሻው ድረስ ይሰማ ነበር። ገበሬው እርፉን እንደያዘ ቀና ይልና ጎረቤቱን፣ «ትሰማለህ? ያቺ የእኔ ናት!» ይለዋል። ድምፅዋ እስከተሰማው ድረስ ልጁ ትምህርት ላይ ናት። ሌላ ምን ቀረው?

ሀብታሙ ሰው ይህን መስማት ሰለቸው። አንድ ቀን ገበሬውን አስከትሎ ወደ ዋርካው ወረደ። ፊደል የሚቆጥር ልጅ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ ሣር ጫፍ እየነካ ነው የሚጠራው። ሀብታሙ ሰው ከልጅቷ ገበታ መካከል ላይ ጣቱን አሳረፈና፣ «ይቺ ማን ናት?» አላት። ልጅቷ ከመጀመሪያው ጀምራ ዜማውን አወረደችው። አፏ ሦስተኛው መስመር ሲደርስ ስንደዶዋ ገና የመጀመሪያው ላይ ነበር። ልትደርስበት ስትጣደፍም ስንደዶው ገበታውን አልፎ መሬት ነካ። ልጆቹ ሳቁ።

«ስማ እንጂ!» አለ ሀብታሙ ሰው። «ልጅህ ዘፈን ነው የተማረችው። ስንደዶዋ እኮ ሣር ይግጣል!»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ገበሬው አንገቷን ሲያይ የገዛ ልጅነቱ ትዝ አለው። ወደ አፋፉ ሄደ።

«የኔታ! የልጄን ስም ይሰርዙልኝ!»

«ምን አጥፍቼ?»

«ከማዶ ሆኖ አይሆንም! ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቀችም!»

  የኔታም፣ «ከጎኗ የሚቀመጠው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ገበሬው ወደ ዋርካው ዞር ብሎ ልጁን አየ።

«እኔ ድምፄን አሻግሬልሃለሁ» አሉ የኔታ። «ዐይኔንና እጄን ግን ወንዙ ከልክሎኛል። እነሱን አንተ ልታውሰኝ ይገባ ነበር።»

«እኔ እኮ ማንበብ አልችልም፣ የኔታ!»

«መቁጠርስ ትችላለህ?»

«ከብት ቆጥሬ የማስገባ ሰው ነኝ፤ ምነው!»

«እንግዲያው ቁጠር። ከላይ ሁለተኛው መስመር፣ ከግራ ሦስተኛው። ስንደዶዋን እዚያ ላይ አሳርፍላትና ድምፄ እስኪደርሳችሁ አታንሡት።»

ገበሬው ወደ ዋርካው ተመልሶ ልጁ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ። መስመሩን ቆጠረ፤ ፊደሉን ቆጠረ። ሻካራ እጁን በትንሿ እጅ ላይ አድርጎ ስንደዶውን አሳረፈና ጠበቀ።

«ሊ!» አሉ የኔታ ከማዶ።

«ሊ» አለች ልጅቷ።

«ሊ» አለ ገበሬው፤ ሳያስበው ነው ከአፉ የወጣው። በዕድሜው ያወቃት የመጀመሪያ ፊደል እሷ ሆነች።

ከዚያ በኋላ እርሻው ጠዋት ጠዋት ጥቂት ይጠብቀው ጀመር። አንድ ቀን እሱ፣ አንድ ቀን ሚስቱ ይቀመጣሉ። ዜማው ዘገየ፤ ስንደዶው ግን ከድምፁ አልቀደመም፣ ከድምፁም አልቀረም።

ዝናቡ ሲሳሳ ሀብታሙ ሰው እንደገና መጣ። ጣቱን አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከዳር ያሳርፋል፤ ልጅቷም ሳትዘምር እየለየች ትመልሳለች። በመጨረሻ በአንዲቱ ፊደል ላይ አመነታች። አባቷ ሊናገር ከንፈሩን አላቀቀና መልሶ ገጠመው።

ሀብታሙ ሰው ከልጅቷ ይልቅ አባቷን አየ። «አንተም ታውቃታለህ እንዴ?»

«የዘንድሮ አዝመራዬ ናት» አለ ገበሬው።

ልጅቷ ግን ራሷ አስታውሳ ጠራቻት። ገበሬው ጋቢውን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። በዚያች ሰዓት በመንደሩ ከእሱ የሚተካከል ባለጠጋ አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ ሀብታሙ ሰው ልጁን በአንድ እጁ፣ የሚቀመጥበትን አጎዛ በሌላ እጁ ይዞ ዋርካው ሥር ደረሰ። «እስቲ ጠጋ በሉልን» አለ። የሳቀበት ሰው የለም፤ ቦታ ለቀቁለት።

ያን ቀን መንደርተኛው አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ከእንግዲህ የኔታ ስም ሲጠሩ መጀመሪያ ልጁ፣ ከዚያም ከጎኑ የተቀመጠው ትልቅ ሰው አቤት ይላል። አንዱ አቤት ከጎደለ ልጁ ቀሪ ነው። የኔታም ከማዶ «ተቀብያለሁ!» አሉ። የገበሬው ሚስት ግን፣ «መጀመሪያስ ምን ብዬ ነበር?» አለች። ባሏም በዚህ አልተከራከራትም።

ወይዘሮ እታፈራሁ ታሪኩን እዚህ ላይ አቁመው ወደ ጠያቂዋ ዞሩ።

«ወይዘሮ ብርቅነሽ፣ ስልኩ ያ አፋፍ ነው። የመምህሯ ድምፅ ይሻገራል፤ መልኳም ይሻገራል። እጇ ግን አይሻገርም። ሐመልማልን ስልኩ ፊት ብቻዋን ካስቀመጧት ድምፅዋ እየተሰማ ልጅቷ ቀርታለች። እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ከጎኗ ከተቀመጣችሁ ግን ተገኝታለች፤ ይህን እኔ በሙሉ አፌ እመሰክራለሁ። ስለዚህ ያስመዝግቧት፤ ብቻዋን ግን አያስመዝግቧት።»

ከኋላ አንድ አባት፣ «ሥራ ያለብንስ ምን እንሁን?» አለ።

«ገበሬውም ሥራ ነበረበት» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ። «ሰዓቱን ለእናንተ በሚመች መንገድ እናስተካክላለን። አያትም ይቀመጥ፣ አክስትም ትቀመጥ። የሚያስፈልገው ከጎን ያለ ሰው ነው።»

ወላጆቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ፤ ተከራከሩ፤ በመጨረሻም እያንዳንዱ ልጅ አብሮት ከሚቀመጥ አንድ ትልቅ ሰው ጋር እንዲመዘገብ ሁሉም ተስማሙ።

«እንግዲያው እንሞክረው» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው፣ «ሐመልማል ሞላልኝ!» ብለው ተጣሩ።

«አቤት!» አለች ልጅቷ፤ እግሯን ማወዛወዟን ትታ።

ወይዘሮ እታፈራሁ ጠበቁ። ብርቅነሽ አፏን ልትከፍት ስትል አቶ ሞላልኝ ከወንበሩ ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ፤ ልጁን አየ።

«አቤት» አለ።