የደብሪቱ እንግዳ

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ ባለች አንዲት መንደር፣ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ደብሪቱ ታታሪ ነበረች፣ ትዕግሥተኛ ነበረች፣ እጇ የነካው ሁሉ ያምርላት ነበር። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ስድስት ልጆች አሏት።

ስድስት ልጆች ስላችሁ በአፍ ቀላል ነው፣ ልጆቼ። አንዱ ሲጠግብ አንዱ ይርበዋል። አንዱ ሲተኛ አንዱ ይነቃል። አንዱ ሲስቅ ሁለቱ ይጣላሉ። ደብሪቱ ቀን ታርማለች፣ ትፈጫለች፣ ውሃ ትቀዳለች። ሲመሽ ታበላለች፣ ታጥባለች፣ ታስታርቃለች። ልጆቿን እንደ ዓይኗ ብሌን ትወዳቸዋለች። ግን ከጧት እስከ ማታ «እማዬ፣ እማዬ» ስትባል ውላ፣ ደብሪቱ የሚለውን ስሟን የሚጠራት እንኳ ጠፍቶ ነበር።

በዚያው መንደር ሸጋው የሚባል ሰው ነበር። ሸጋው ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ሥራ አይወድ። የሚወደው ወሬ ብቻ ነው። በሰው አጥር አጮልቆ ያያል፣ በሰው ግድግዳ ጆሮውን ለጥፎ ይሰማል፣ የሰማውን አንዱን ሦስት አድርጎ ያወራል።

በዚያ ሰሞን አንድ ሽፍታ ከአገሩ ገዥ ከፊታውራሪ አድማሱ እስር ቤት አመለጠ። ፊታውራሪም አዋጅ አስነገሩ። «ሽፍታውን ያስጠጋ ከርስቱ ይነቀላል። ያለበትን የጠቆመ በቅሎ ይሸለማል» ተባለ። ሸጋው ይህን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። በሐሳቡ በቅሎዋ ላይ ተቀምጦ ገበያ ለገበያ ይዞር ጀመር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ የደብሪቱ ወንድም መጣ። በማግሥቱ ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ ደግሷል።

«እኅቴ፣ ስድስቱንም ልውሰዳቸው» አላት። «እኔ ዘንድ ይደሩ። አንቺ ነገ ትደርሺብናለሽ።»

«ትንሿ ያለ እኔ አትተኛም» አለች ደብሪቱ።

«ከልጆቼ ጋር ስትሯሯጥ ይደክማትና ትተኛለች። ይልቅ አንቺ ዛሬ አንድ ቀን እረፊ።»

ልጆቹ እየዘለሉ ሄዱ። ደብሪቱ ደጃፍ ላይ ቆማ በኮረብታው እስኪሰወሩ ድረስ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ቤቷ ገባች። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

መጀመሪያ፣ ልጅ ውሃ የጠየቃት መሰላትና ተነሣች። ማንም የለም። ቀጥሎ፣ ልጅ የወደቀ መሰላትና ተነሣች። ማንም የለም። በሦስተኛው ግን ቁጭ አለች። ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ እጆቿን አየቻቸው። ሥራ የሌላቸው እጆች እንዴት ያሉ እንደሆኑ ረስታው ነበር።

ተነሥታ ከቆጡ ላይ አንድ ጥቅልል አወረደች። ሳታገባ ጀምራ የተወችው ሙዳይ ነው፤ ግማሹ ተሰፍቷል፣ ግማሹ ስንደዶ እንደሆነ ቀርቷል። ቀይ፣ አረንጓዴና ጥቁር አድርጋ ያቀለመችው አለላም አብሮ አለ። አለላውን እንዲለሰልስ ውሃ አርከፈከፈችበት። ወስፌዋን አንሥታ ወጋች፣ አለላውን ሳበች፣ አጠበቀች። ወጋች፣ ሳበች፣ አጠበቀች። አንድ ዙር ሲሞላ ፈገግ አለች። ማንም ያላዘዛት፣ ማንም የማይቸኩልበት ሥራ ነው።

ጥቂት እንደቆየች ጎረቤቷ መጣች። «ደብሪቱ፣ ልጆቹ የሉ አሉ። ነይ ጥጥ አብረን እንፍተል።»

ደብሪቱ ከውስጥ ሆና «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ዛሬ እንግዳ አለብኝ» አለች።

ቆየት ብሎ የክርስትና እናቷ መጡ። «ልጄ፣ ብቻሽን አትቀመጪ። ነይ ጠላ ቅመሺ።»

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ ዛሬ እንግዳ አለብኝ» አለች።

ሦስተኛ ሸጋው መጣ። እሳት ሊጭር የመጣ መስሎ ገል ይዟል፤ ዓይኑ ግን በበሩ ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይሮጣል።

«እትዬ ደብሪቱ፣ ፍም ስጪኝ።»

ፍሙን በበሩ ክፍተት አቀበለችው። «አትግባ ወንድሜ፣ ዛሬ እንግዳ አለብኝ።»

ሸጋው እንግዳ የሚለውን ሲሰማ ፍሙን ጣለና ከጓሮው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ደብሪቱም ብቻዋን መሆኗን ስታምን ድምፅዋን ለቀቀችው። ልጃገረድ ሳለች ግጥም ትገጥም ነበር። አሁንም እየሰፋች ገጠመች፦

«ስድስት ልጆች አሉኝ፣ እማዬ ይሉኛል፣
ዛሬ ግን ዝምታው በስሜ ጠርቶኛል።»

ዘፈን ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል። ተቀባይ ስለሌላት ድምፅዋን እንደ ወንድ አጎርንና ራሷ ተቀበለች፦

«ደብሪቱ የት ሄደሽ ከረምሽ ይህን ሁሉ፣
እጆችሽ ናፍቀው አለላ እያሉ።»

ሸጋው የሰማው ሁለተኛውን ድምፅ ነው። ወፍራም ድምፅ፣ የወንድ ድምፅ፣ «ደብሪቱ» እያለ የሚጠራ። ሸጋው ሮጠ። አጥር ዘለለ፣ ጅረት ዘለለ፣ ፊታውራሪ ደጅ ደርሶ ተደፋ።

«ጌታዬ፣ ሽፍታውን አገኘሁት። ደብሪቱ ቤት ተቀምጦ ይዘፍናል። በዓይኔ አየሁት።»

ይኸው፣ አንዱ ሦስት ሆነ። መስማቱን አየሁ አለ።

ለዓይን ያዝ ሳያደርግ ፊታውራሪ ስምንት ወታደር አስከትለው ደረሱ። በሩ ተንኳኳ። ደብሪቱ ከፍታ ጦሩን ባየች ጊዜ የበሩን መቃን ጨብጣ ቆመች። አዋጁን ታውቃለች። ርስቷ የልጆቿ እንጀራ ነው።

«ፈትሹ» አሉ ፊታውራሪ።

ከጎተራው ኋላ ፈተሹ፤ የለም። ቆጡ ላይ ወጡ፤ የለም። ጓዳውን አገላበጡ፤ አንዲት ድመት ብቻ ወጣች።

ፊታውራሪ ፊታቸውን አጠቆሩ። «እንግዳ አለብኝ ብለሻል። ሸጋው በጆሮው ሰምቶሻል። እንግዳሽ የታለ?»

ደብሪቱ መሬት መሬት እያየች መለሰች። «እንግዳዋ እኔው ነኝ፣ ጌታዬ። ቤቴ ውስጥ እኖራለሁ እንጂ፣ እንደዛሬው አረፍ ብዬ ከተቀመጥሁ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ብቻዬን ልሁን ብል ማን ይረዳኛል? አዝነውልኝ ይወስዱኛል። ለሌላ እንግዳ ወንበር እለቅ የለ፤ ዛሬ ለራሴ ለቀቅሁላት።»

«የወንዱ ድምፅስ?»

ደብሪቱ አፈረች። ግን ርስቷን አሰበች፣ ልጆቿን አሰበች፣ ጉሮሮዋን ጠረገችና በቀጭኑ አውጥታ በወፍራሙ ተቀበለች። ወታደሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ፊታውራሪ ግን አልሳቁም። ሙዳዩን አንሥተው በእሳቱ ብርሃን አገላብጠው አዩት። ቀዩ ከአረንጓዴው ጋር እየተቃቀፈ ይዞራል፤ አንዲት አለላ መስመሯን አልሳተችም።

«እናቴ ዘጠኝ ወልዳለች» አሉ በመጨረሻ። «ምን መሥራት ትወድ እንደነበር አላውቅም። አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።»



ይሄኔ ሸጋው ከኋላ ብቅ ብሎ «ጌታዬ፣ በቅሎዬስ?» አለ።

ፊታውራሪ ዞር አሉ። «ሽፍታውን በዓይንህ አይተኸዋል?»

«ሰ... ሰምቼዋለሁ።»

«ላልተያዘ ሽፍታ በቅሎ የለም። ያላየኸውን አየሁ ብለህ ግን ስድስት ልጆችን ከርስታቸው ልታስነቅል ነበር። እንግዲያውስ ስማ። በየቅዳሜው ከቀትር በኋላ እስኪመሽ ስድስቱን ልጆች አንተ ትጠብቃለህ። አንድ እንኳ እያለቀሰ እናቱ ዘንድ ቢመጣ ጅራፍ ይጠብቅሃል።» ለደብሪቱም እጅ ነሥተው ወጡ። ገዥ ባሏ ለሞተባት ሴት እጅ ሲነሣ የዚያን ቀን ታየ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ሸጋው ስድስቱን ይዞ ወንዝ ወረደ፤ ሲመለስ ጸጉሩ ጭቃ፣ ድምፁ የሰለለ ነበር። በሁለተኛው ቅዳሜ ትንሿ ጀርባው ላይ ተኝታ መጣች። በሦስተኛው ቅዳሜ ማንም ሳይጠራው በጊዜ መጣና ከደጅ ቆመ።

«እትዬ ደብሪቱ» አለ አንገቱን ደፍቶ፤ «ይህን ሁሉ ብቻሽን እንዴት ቻልሽው?»

ደብሪቱ ልጆቿን ሳመች፣ አስረከበችው፣ በሯን ዘጋች። ከአፍታ በኋላ ወፍራሙ ድምፅ ከውስጥ ሲቀበል ተሰማ። ሸጋው ጆሮውን ግድግዳ ላይ አልለጠፈም። ልጆቹን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ያላዩትን አየሁ የሚል ሰው የሰውን ቤት ያፈርሳል። እናት ደግሞ እናት ከመሆኗ በፊት ስም ነበራት፤ ያንን ስሟን የምትሰማበት ምሽት አትንፈጓት። እኔ ያወራሁትን አወራሁ፤ አሁን ተነሡና፣ እናታችሁን ምን መሥራት እንደምትወድ ጠይቋት።